ጆንያው፣ ሞላውና ሌዘሩ፦ በጅማ የአንዲት አሮጌ ቮልስ ወንበሮች እድሳት

ጉዳዩ በጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለች የአንዲት ቮልስዋገን 1300 ነው። መኪናዋ የ1971 እ.ኤ.አ. ስሪት ስትሆን ከአንድ ቤተሰብ እጅ ወጥታ አታውቅም። ሁለቱ የፊት ወንበሮችና የኋላው ረጅም መቀመጫ እዚያው ግቢ ውስጥ ተፈትተው፣ ታድሰውና አዲስ ልብስ ለብሰው ተመለሱ። ሥራው በግንቦት የመጨረሻ ሳምንት ተጀምሮ በሐምሌ አጋማሽ አለቀ። የሠሩት ጡረታ የወጡት ባለመኪና፣ የእህታቸው ልጅና ጎረቤት ያለች ልብስ ሰፊ ናቸው።

ጉዳዩ መጻፍ ያለበት በአንድ ምክንያት ነው። የእነዚህ ወንበሮች ልብስ ከሁለት ዓመት በፊት በገንዘብ ተቀይሮ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ተሸበሸበ፣ ቀጥሎም በጠርዙ ተቀደደ። ሁሉም ሰው ጥፋቱን በሌዘሩ፣ ማለትም በሰው ሠራሹ ቆዳ ላይ ጣለ። ወንበሩ ሲፈታ ግን ከጠርዙ ቅዳድ በቀር ሌዘሩ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ የሞተው ከሥሩ ያለው ነገር ነበር። በቤት የሚሠራ የወንበር ልብስም ሆነ በሱቅ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በስፌቱ ሳይሆን ከስፌቱ በታች ባለው ነው። ዓይን አያየውምና ይዘለላል።

ከመፈታቱ በፊት

የሾፌሩ መቀመጫ ሰው ሲቀመጥበት ከተሳፋሪው መቀመጫ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይል ነበር። ይህ ልክ ባዶ ወንበር ላይ አይገኝም። አንድ ሰው በሁለቱም ላይ በየተራ ተቀምጦ፣ ሌላው ከወለሉ እስከ መቀመጫው ጠርዝ በሜትር መለካት አለበት። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ሞላ ተሰብሮ ወይም ከቦታው ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ልብስ በመቀየር የሚድን ነገር አይደለም። በመዳፍ ሲጫኑት ከግራ በኩል የብረት ድምፅ ይሰማ ነበር። የኋላው መቀመጫ ደግሞ በቀኝ ጠርዙ በኩል ጠቁሯል፣ ሲጠጉት የሚቆጠቁጥ ሽታ ነበረው። ይህ ሽታ ኋላ የጉዳዩ ከባድ ክፍል ሆነ።

አሮጌ ቮልስ የፊት ወንበሯ በብሎን ወለሉ ላይ የታሰረ አይደለም። ሐዲዱ ላይ ተንሸራቶ ይቆማል። ወደ መካከለኛው ዋሻ (በወለሉ መካከል ከፍ ብሎ ወደሚሄደው ብረት) የሚሳበው ሞላ ከመንጠቆው ይላቀቃል፣ ማስተካከያው ማንሻ ይሳባል፣ ወንበሩን የሚያቆመው ምላስ በካቻቢቴ ይጫናል፣ ከዚያ ወደ ፊት እየገፉ ማውጣት ነው። ሐዲዱ በሃምሳ ዓመት አቧራና ቅባት ደርቆ ስለነበር የተሳፋሪው ወንበር አልንቀሳቀስ አለ። በመዶሻ ከመምታት ይልቅ ዘይት ተንጠባጥቦበት አደረ፤ በማግስቱ በእጅ ወጣ። እዚህ ላይ መዶሻ ቢነሣ ሐዲዱ ይጎብጥና ወንበሩ መቼም በትክክል አይቆለፍም። የማይቆለፍ የሾፌር ወንበር ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ሾፌሩን ይዞ ይሄዳል።

የፋብሪካው አሠራር ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው፦ የብረት ፍሬም፣ የሞላ መረብ፣ ጆንያ፣ ጎማ የጠጣ የኮኮናት ጭረትና ፀጉር ትራስ፣ በመጨረሻም ልብሱ። ከሁለት ዓመት በፊት የሠራው ሰው ከፊት ወንበሮቹ ፈራርሶ ገለባ የሆነውን የድሮ ትራስ ጥሎ፣ በምትኩ 5 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ የፍራሽ ስፖንጅ በቀጥታ ሞላው ላይ አስቀምጧል። ጆንያ የለም። ስፖንጁ ሲወጣ ከሥሩ የሞላዎቹን ክብ አፍ ይዞ ነበር፤ እንደ ዳቦ ቆራጭ ቀለበት በልተውታል። ክብደት በሞላው አፍ ላይ ሲያርፍ የሚያርፈው በቀጭን የብረት መስመር ላይ ነው፤ መኪናው በተነቃነቀ ቁጥር ያ መስመር ስፖንጁን እንደ መጋዝ ያርሰዋል። የጆንያው ሥራ ይህን ክብደት ለብዙ ሞላ ማካፈል ነው። ስፖንጁ ሲሰምጥ ልብሱ ይላላል፣ የላላ ልብስ ይሸበሸባል፣ የተሸበሸበው ደግሞ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር በጠርዙ ይሳባል። ቅዳዱ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ባትሪው

በቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላው መቀመጫ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። መቀመጫው ሲነሣ የባትሪው መክደኛ አልነበረም። ከፖሉ (ገመዱ ከሚታሰርበት የባትሪው ጫፍ) በላይ ያለው የሞላ ሽቦ ላይ ሁለት ቦታ የመቅለጥ ምልክት ነበር፤ አጠገቡ ያለው የድሮ ጆንያ ደግሞ በእጅ መዳፍ ስፋት ከስሏል። ወፍራም ሰው ወይም የተጫነ ዕቃ በዚያ በኩል ሲያርፍ ሞላው ወርዶ ፖሉን ይነካል። መቀመጫው ብረት፣ የመኪናው አካልም ብረት ነውና ለኤሌክትሪኩ ያለ ፊውዝ መንገድ ይከፈታል። የደረቀ ጆንያና የኮኮናት ጭረት ከላይ አለ። ቮልስ ከኋላ መቀመጫዋ ተነሥታ የምትቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህችም ለጥቂት ተርፋለች።

የሚቆጠቁጠው ሽታ የአሲዱ ነው። ከባትሪው የሚወጣው ጢስ በዚያ በኩል ያለውን ሞላ በልቷል፣ የጥጡን ክር አበስብሷል። ቦታው በውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ታጠበ። አረፋ መሥራቱን እስኪያቆም ሦስት ጊዜ ተደግሞ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ደረቀ። የባትሪው ሥር ወለል በካቻቢቴ ጫፍ ተወግቶ ታየ፤ አልተበሳም። በዚህ ቦታ ወለሉ ተበስቶ ቢሆን ኖሮ የልብሱ ሥራ ቆሞ ብየዳው መቅደም ነበረበት። ለመክደኛ የሚሆን ከአሮጌ የጭነት መኪና ካላማዳሪ ወፍራም ጎማ ተቆርጦ፣ በሁለት ማሰሪያ ከባትሪው ጋር ታሰረ። ከዚህም ሌላ በመቀመጫው ሥር፣ ከሞላው ጋር፣ ሁለተኛ የጎማ ንጣፍ ተሰፋ። አንዱ ቢንሸራተት ሌላው አለ። ቮልስ ያለው ሁሉ፣ ልብስ ሊቀይር ቢያስብም ባያስብም፣ ዛሬ መቀመጫውን አንሥቶ ይህን አንድ ነገር ይመልከት።

ሞላና ጆንያ

በሾፌሩ መቀመጫ ሁለት ሞላ ተሰብሮ ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ ብየዳ ነበር፤ ተው የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞላ የሚለጠጠው በፋብሪካ በተሰጠው አሠራር ነው። የብየዳው እሳት ያንን ይነጥቀዋል፤ ነጥቡ ራሱ ቢጸና እንኳ ከነጥቡ አጠገብ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይሰበራል። ስለዚህ ከቁራሌ በተገዛ የተጣለ ወንበር ላይ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሞላ ተቆርጦ ወጣ። ከጎረቤቶቹ ሞላዎች ጋር የተያያዘውም 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላት የላሜራ ቁራጭ ተጠቅልሎ በፒንሳ በመጨመቅ ነው። እያንዳንዱ ሞላ በሦስት ቦታ ታሰረ። በሁለት ቦታ ብቻ ከታሰረ ይዞራል።

ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተነሥቶ፣ ፍሬሙ በቲነር ተወልውሎ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ። በደረቅ ወር 24 ሰዓት የሚበቃው ቀለም በሰኔ የጅማ አየር ሁለት ቀን ተኩል ፈለገ። በጥፍር ተጭነው ምልክት የሚቀበል ቀለም ላይ ጆንያ ማልበስ አይገባም፤ ይጣበቅና ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ሥራው ሁሉ የተሠራው ፍሬሙ በሁለት የጅማ በርጩማ ላይ ተጋድሞ ነው። ባለሦስት እግር ስለሆነ እኩል ባልሆነ የግቢ መሬት ላይ አይወዛወዝም፣ ቁመቱም ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ልክ ነው።

ለጆንያው ጅማ የታደለች ናት። ቡና የሚሞላበት የጁት ጆንያ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ሱቅ ከሚገኝ ጨርቅ ይሻላል፤ ድሩ ጠንካራ፣ ቀዳዳው አየር የሚያሳልፍ ነው። ከሂርማታ መርካቶ አምስት ያገለገሉ ጆንያዎች ተገዙ፦ ለእያንዳንዱ የፊት ወንበር አንድ ተኩል፣ ለኋላው ሁለት። እርጥብ ቡና የያዘና ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ሻጋታ ነው፣ አይወሰድም። የተገዙት በፈላ ውኃ ተዘፍዝፈው፣ ተጨምቀው፣ በፀሐይ ደረቁ። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ጁት ሲረጥብ ይኮማተራልና ኋላ ወንበሩ ላይ ከሚኮማተር አስቀድሞ ቢጨርስ ይሻላል። የእህት ልጅ ለማቅለል ብሎ የፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት አምጥቶ ነበር፤ አልተጠቀሙበትም። ማዳበሪያ ከሞላ ጋር ሲፋተግ ይጮኻል፣ ጠርዙ ይተረተራል፣ የሰውን ላብም ይዞ ያስቀራል።

ጆንያው ሁለት እጥፍ ሆኖ ተወጥሮ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ሽቦ ቀለበቶች በየ8 ሴንቲ ሜትሩ ከዳር ሽቦው ጋር ተያዘ። ሽቦው 5 ሴንቲ ሜትር እየተቆረጠ፣ በሁለት ፒንሳ ክብ ሆኖ፣ ጫፉ ወደ ታች እንዲዞር ተደረገ። አንድ ጫፍ ወደ ላይ ከቀረ ስፖንጁን አልፎ ሌዘሩን ይበሳል። በመካከል ደግሞ ጆንያው ከየሞላው አፍ ጋር በወፍራም ናይለን ክር ተሰፋ።

ስፖንጁ

የፍራሽ ስፖንጅ ለወንበር አይሆንም። እዚህ የተወሰደው ባለ 30 ዴንሲቲ ነው፤ በኪዩቢክ ሜትር 30 ኪሎ የሚመዝን ማለት ነው። ለመቀመጫው 5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራና በላዩ 2 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ፣ ለመደገፊያው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። የተቆረጠውም ከሚፈለገው ልክ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ተርፎ ነው። ስፖንጁ ልብሱን ከውስጥ ገፍቶ መሙላት አለበት፤ ልክ ለልክ የተቆረጠ ስፖንጅ ማዕዘኑን ባዶ ያስቀራል። ማዕዘኖቹ በመቀስ ሳይሆን በረጅም ምላጭ፣ ሳይጫኑ እየሳቡ ተቆረጡ።

በማጣበቅ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ስሕተት ደረሰ። ማስቲሽ በሁለቱም ገጽ ይቀባል፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ጣት ሲነካው ሳይከተል ሲቀር ይጋጠማል። ይህን ሁሉ በትክክል አደረጉ፤ ግን ዝናብ እያካፋ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነበር። በማግስቱ ሁለቱ ስፖንጆች ያለ ጉልበት ተላቀቁ። በማስቲሹ ያለው ቀጭን ፈሳሽ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ጤዛ ያርፋል፣ ነጣ ያለ ሽፋን ይሠራል፤ ከዚያ የሚጣበቀው ማስቲሽ ከማስቲሽ ሳይሆን ውኃ ከውኃ ነው። ሁለተኛው ሙከራ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ስፖንጆቹ ቀድመው ፀሐይ ሞቀው፣ በተከፈተ በር ሆነ፤ ያዘ። በክረምት ሌላ ሰዓት የለም። በሩን መዝጋት ደግሞ አይታሰብም፤ የማስቲሽ ጢስ ራስ ያዞራል፣ ከእሳትም መራቅ አለበት። ቡና የሚፈላበት ምድጃ ያለበት በረንዳ ላይ ማስቲሽ መክፈት እሳት መጥራት ነው።

ቅዱ፣ ስፌቱና የጠፋው ሜትር

ሌዘሩ ከአዲስ አበባ መርካቶ መጣ፤ ስፋቱ 1.40 ሜትር፣ ከጀርባው የተጠለፈ ጨርቅ ያለው፣ 8 ሜትር። ለእንዲህ ያለ መኪና 7 ሜትር ይበቃል፣ አንዱ ለስሕተት ነው። ሙሉውን ከአንድ ጥቅል ማስቆረጥ ግድ ነው። ዛሬና የዛሬ ወር የተገዛ ጥቁር በፀሐይ ላይ ሁለት ዓይነት ጥቁር ይሆናል።

የድሮውን ልብስ ፈትቶ ለቅድ (ለመቁረጫ ናሙና) መጠቀም የተለመደ ነው፣ ፋብሪካ የሰፋው ከሆነም ትክክል ነው። ይህኛው ግን በሞተ ትራስ ላይ የተሰፋና የተለጠጠ ስለነበር ቅዱ ሁሉ ስሕተቱን ይዞ ይመጣ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ስፖንጅ ላይ አቡጀዲ ተዘርግቶ፣ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ፣ መገናኛው በጠመኔ ተሰመረ። ቁራጮቹ ቁጥር ተሰጣቸው፤ በሁሉም ላይ የፊት አቅጣጫ ቀስት ተደረገ፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የሚገናኙበት ምልክት ተቆረጠ። አቡጀዲ አይለጠጥም፣ ሌዘር ግን ይለጠጣል። ስለዚህ ከወርዱ 1 ሴንቲ ሜትር ተቀነሰ፣ ለስፌት ደግሞ በየጎኑ 12 ሚሊ ሜትር ተጨመረ።

የመቀመጫው መካከል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ጎድጓዳ መስመሮች አሉት። ፋብሪካው በሙቀት ነበር የሚያትመው። በቤት ውስጥ የሚቻለው ሌዘር፣ 1 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅና አቡጀዲ ደራርቦ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ መስፋት ነው። ከሥር አቡጀዲው ከሌለ የማሽኑ ጥርስ ስፖንጁን ይበላዋል፣ ክሩም ይበጣጥሰዋል። ባለመኪናው ሌዘሩን በልኩ ቆርጠው አቀረቡ። ልብስ ሰፊዋ ቁራጩን አገላብጣ አይታ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስፌት ይበላል፤ መጀመሪያ ይሰፋና ኋላ ይቆረጥ» አለች። እሳቸው «ልኩን ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ ልጄ፣ ስፊው ግድ የለም» አሉ። 11 መስመር ተሰፋ። እያንዳንዱ መስመር 4 ሚሊ ሜትር ያህል በላ፤ በድምሩ ቁራጩ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠበበ። ትርፍ የተገዛው ሜትር የሄደው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ተርፎ ተሰፋና ቅዱ ከላይ ተዘርግቶበት ተቆረጠ።

የቤት ሲንጀር ሁለት እጥፍ ሌዘር ይሰፋል፤ አራት እጥፍ ሲደርስ ግን በእግር ሳይሆን መንኮራኩሩን በእጅ እያዞሩ ነው። መርፌው 18 ቁጥር፣ ጫፉ ክብ የሆነ። የቆዳ መርፌ ጫፉ ስለታም ስለሆነ ሌዘሩን ይቆርጣል። ክሩ ፖሊስተር፤ የጥጥ ክር በጅማ እርጥበት ይበሰብሳል። የስፌቱ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር። ደቃቅ ስፌት የሚጸና ይመስላል፣ ነገር ግን ሌዘሩን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳውና በዚያው ይገነጠላል። ሌዘሩ ከማሽኑ እግር ሥር አልንሸራተት ሲል ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ከላይ እያደረጉ መስፋትና ወረቀቱን ኋላ መቅደድ ነው። በመገናኛው ላይ እንደ ገመድ ወጥቶ የሚታየው ጠርዝ፣ ፓይፒንጉ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሌዘር የተጠቀለለ 5 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ገመድ ነው፤ የጥጥ ገመድ ውኃ ይጠጣል። መጀመሪያ ከላይኛው ቁራጭ ጋር ይሰፋል፣ ጎኑ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በማዕዘን ላይ እንዳይጨማደድ ትርፉ በየሴንቲ ሜትሩ ይቆረጣል፣ መቀሱ ከስፌቱ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀር ይቆማል።

ማልበሱ

የቮልስ ፍሬም ጠርዝ ላይ ከራሱ ብረት የተቆረጡ ሹል ጥርሶች አሉ፤ ልብሱ ተስቦ እነሱ ላይ ይሰካና ጥርሶቹ ይታጠፋሉ። የተሳፋሪው መደገፊያ ላይ ነጠላው ሌዘር ገና ሲሳብ በሦስት ጥርስ ተቀደደ። መፍትሔው ጠርዙን 3 ሴንቲ ሜትር አጥፎ በመካከሉ የሸራ ጥብጣብ አስገብቶ ሁለት መስመር መስፋት ነው፤ ጥርሱ የሚይዘው ሸራውን እንጂ ሌዘሩን አይደለም። ሁሉም ልብስ ተመልሶ ማሽን ላይ ወጣ፤ አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ። የታጠፈ ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲቃና ይሰበራልና፣ ልብሱ ልክ መሆኑ ሳይረጋገጥ አንድም ጥርስ መታጠፍ የለበትም።

ሌዘሩ በቀዝቃዛ ቀን እንደ ካርቶን ይደርቃል። ለአንድ ሰዓት በተዘጋችው መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆየ፣ ለስልሶ ወጣ። ስፖንጁ ላይ ቀጭን ላስቲክ ተደረገ፣ ልብሱ በላዩ ተንሸራቶ ገባ፣ ከዚያ ላስቲኩ ከሥር ተስቦ ወጣ። እዚያው ከተተወ እያንኮሻኮሸ ላብ ይይዛል። የመወጠሩ ቅደም ተከተል ከፊት መካከል፣ ከኋላ መካከል፣ ከጎንና ጎን መካከል፣ በመጨረሻ ማዕዘኖቹ ነው። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሸብሸቡን ወደ መካከል ገፍቶ ያስቀረዋል። የቀሩት ትንንሽ እጥፋቶች በፀጉር ማድረቂያ ተስተካከሉ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ እጅ ሳያቆም። አንድ ቦታ ላይ የቆመ ሙቀት ሌዘሩን ያብረቀርቀዋል፣ ያ አይመለስም።

በጥር ሲታይ

ከስድስት ወር በኋላ፣ ክረምቱ አልፎ፣ ልኩ በዚያው ዘዴ ተወሰደ። የሾፌሩና የተሳፋሪው ልዩነት 1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሾፌሩ ስፖንጅ የመጀመሪያውን መርገብ ረግቧል። ጠርዞቹ አልተቀደዱም። በሾፌሩ መቀመጫ የፊት ማዕዘን ላይ፣ እግር በሚወጣበት በኩል፣ ሁለት እጥፋት ታይቷል፤ እዚያ ስፖንጁ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጨመርበት ይገባ ነበር። ከኋላው መቀመጫ ሥር ቀለል ያለ ሻጋታ ተገኝቷል። መኪናዋ በነሐሴ ሁለት ሳምንት መስኮቷ ተዘግቶ ስለቆመች ነው። በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ መቀመጫው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ፤ አሁን መኪናዋ ስትቆም መስኮቷ ሁለት ጣት ያህል ይተዋል። የካላማዳሪው መክደኛ በቦታው ነው። ሁለተኛው ንጣፍ ግን በአንድ በኩል ክሩ ለቅቋል፤ ከአሲዱ ጢስ የሚተርፍ ክር ስላልተገኘ በሽቦ ቀለበት ተተክቷል፣ ጫፉም ከባትሪው በተቃራኒ እንዲዞር ተደርጓል።